የክሎር ተረፈ ውህዶች በቧንቧ ውሃ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ላለ ቤት ዝርዝር መመሪያ

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞ፣ በካራ ወይም በለገጣፎ የሚኖር ሰው ውሃ የሚጠጣው በቀጥታ ከቧንቧ አይደለም። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ ሮቶ ይሞላል፣ ከሮቶው ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ ወደ ጆግ ይገለበጣል። አፍ እስኪደርስ ቀናት ሊያልፉት ይችላሉ። ውሃ ለማከም የሚጨመረው ክሎር ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ውህድ ይፈጥራል እየተባለ የሚወራው ሁሉ በዚህ ቤት ዓይን መታየት አለበት፤ በሌላ አገር ቧንቧው ሳይቋረጥ ለሚፈስለት ሰው የተጻፈ ምክር እዚህ ሲተገበር ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ አደገኛው ውህድ፣ ተረፈ ውህድ የምንለው፣ የሚፈጠረው ክሎር በውሃው ውስጥ ብስባሽ፣ ማለትም የበሰበሰ ሳር፣ ቅጠልና እበት፣ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ሥራችን ብስባሹን ማስወጣት እንጂ ክሎሩን ማባረር አይደለም። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ውህዱ ከየት ይመጣል?

ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ክፍት ግድቦች ናቸው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከእርሻና ከግጦሽ መሬት አፈር፣ የበሰበሰ ሳርና ቅጠል፣ እበት ጠርጎ ይዞ ይገባል። ማጣሪያ ጣቢያ ጭቃውን በኬሚካል አርግቶ በአሸዋ ያጠልለዋል። ሻይ ውሃን እንደሚያቀላው በውሃው ውስጥ የሟሟው ብስባሽ ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ክሎር ሲጨመር ጀርሙን ይገድላል፤ በዚያው ከሟሟው ብስባሽ ጋር እየተዋሃደ አዳዲስ ነገሮች ይፈጥራል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ከመሬት ውስጥ ስለሚወጣ የሟሟ ብስባሹ በአብዛኛው አነስተኛ ነው፤ ተረፈ ውህዱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ተረፈ ውህዶቹ በመቶዎች ቢቆጠሩም ለቤት የሚያስፈልገው ሁለቱን ቤተሰብ መለየት ነው። አንደኛው ትራይሃሎሜቴን ይባላል፤ ከነዚህ ብዙውን ጊዜ የሚበዛው ክሎሮፎርም ነው። ይህ ቤተሰብ ይተናል፣ ስለዚህ በማፍላት ይወጣል። ሁለተኛው ሃሎአሴቲክ አሲድ ነው፤ እርሱ አይተንም። ልዩነቱን ያዙት፣ ማፍላትና ማጣሪያ ላይ ስንደርስ ይመለሳል።

ምርታቸውን የሚጨምሩት አራት ነገሮች ናቸው፦ የብስባሹ ብዛት፣ የክሎሩ መጠን፣ ሙቀትና ጊዜ። የከተማ ዳርቻ ሰፈር ከመስመሩ ጫፍ ላይ ስላለ ውሃው በቧንቧና በማጠራቀሚያ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ይደርሳል። በዚህ ላይ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚያሞቀው ጥቁር ሮቶ፣ ከሥሩ ደግሞ የሁለት ዓመት ጭቃ ሲጨመር ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ቤት ተገናኙ ማለት ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው?

ክሎር ያለበት ውሃ ክሎሮፎርም እንደሚፈጥር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 በኔዘርላንድስ ዮሃንስ ሩክ ባወጣው ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በሕዝብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለአሥርት ዓመታት ከፍተኛ መጠን ያለው ተረፈ ውህድ የያዘ ውሃ በመጠጣትና በሽንት ፊኛ ካንሰር መካከል ግንኙነት አሳይተዋል። ከእርግዝናና ከልጅ ክብደት ጋር የተያያዙት ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ክሎሮፎርምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» በሚለው 2ለ ምድብ አስቀምጦታል።

ገደቦቹ እንዲህ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም በሊትር 300 ማይክሮግራም ይፈቅዳል። አሜሪካ ለአራቱ ትራይሃሎሜቴኖች ድምር 80፣ ለአምስቱ ሃሎአሴቲክ አሲዶች ድምር 60 ማይክሮግራም አድርጋለች። የአውሮፓ ኅብረት የትራይሃሎሜቴን ድምር ገደብ 100 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ሰው ነው፤ አንድ ሳምንት ከገደብ ያለፈ ውሃ መጠጣት መርዝ እንደ መጠጣት አይደለም።

በሌላ በኩል ክሎር የሌለው የተበከለ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ይጥላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሰው ሆስፒታል የተኛው በክሎሮፎርም አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም በመመሪያው ተረፈ ውህድን ለመቀነስ ሲባል የውሃ ማከም ሥራ ፈጽሞ መዳከም እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል። የሚከተሉትን እርምጃዎች በቅደም ተከተላቸው የምንሰጠው ለዚህ ነው፤ የኋለኛው ያለ ፊተኛው አይሠራም።

አንደኛ፦ ከፈረቃው የመጀመሪያውን ውሃ አትቀበሉ

ውሃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ግፊት ይጠፋል፣ በተሰነጠቀው ቦታ ሁሉ ከውጭ ጭቃና ፍሳሽ ይስባል። ሲመለስ ደግሞ ግድግዳው ላይ የቆየውን ዝገትና ዝቃጭ እየገፋ ይመጣል። ያ ቡናማ ውሃ ሮቶ ውስጥ ከገባ ክሎሩን ይበላል፣ ብስባሹንም ከሥር ያስቀምጣል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከቆጣሪው በኋላ፣ ወደ ሮቶ ከሚወጣው መስመር በፊት፣ ባለሦስት አቅጣጫ መገጣጠሚያና አንድ የግቢ ቧንቧ አስገቡ፤ ወደ ሮቶ በሚሄደው በኩል ደግሞ መዝጊያ ይኑር። ውሃ ሲመጣ መዝጊያውን ዘግታችሁ የግቢውን ክፈቱ። በነጭ ሳህን ወይም ግልጽ በሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳችሁ እዩት። ጥርት ሲል የግቢውን ዝጉ፣ የሮቶውን ክፈቱ። የወጣው ውሃ በባልዲ ተይዞ ለመጸዳጃ ቤትና ለአትክልት ይሆናል፤ አይባክንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዳንዴ ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ «ክሎር አበዙበት» ይባላል። በብርጭቆ ቅዱና ጠብቁ። ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ ክሎር በዚህ መጠን ለዓይን አይታይም። ከላይ ወደ ታች እየጠራ ሥሩ ላይ አተላ ከተቀመጠ ግን ደለል ነው፣ ወደ ሮቶ አይግባ። የበረኪና ሽታ መኖርም ተረፈ ውህድ መብዛቱን አያሳይም፤ ክሎሮፎርም በቧንቧ ውሃ ውስጥ በሚገኝበት መጠን አይሸትም።

ሁለተኛ፦ ሮቶውን እጠቡ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ማጣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ቢያንስ በዓመት ሁለቴ፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት መግቢያ፣ አንዴ ደግሞ ዝናቡ ሳይጠና በግንቦት። ፈረቃችሁ ከመድረሱ በፊት ያለውን ቀን ምረጡ፤ ያኔ ሮቶው ባዶ ሊሆን ተቃርቧል።

1. ወደ ቤት የሚወርደውን መስመር ዝጉ። የቀረውን ውሃ ከሥር አውጡ። መውጫው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ከእርሱ በታች የቀረው ጭቃ ነው፤ በጣሳና በስፖንጅ ይወጣል።

2. ረጅም እጀታ ባለው የፕላስቲክ ብሩሽ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ፈትጉ። የብረት ብሩሽ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ቆሻሻም ጭረቱ ውስጥ ይሸሸጋል። ሰው ወደ ውስጥ አይግባ። ትልቅ ታንከር ሆኖ መግባት ግድ ከሆነ በረኪና ከመጨመሩ በፊት ይሁን፣ ሌላ ሰውም ከአፉ ላይ ይቁም።

3. በ10 ወይም 20 ሊትር ውሃ አለቅልቁና አውጡ። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድገሙት። ይህን ሳትጨርሱ በረኪና አትጨምሩ። በጭቃ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጀርሙን ሳይገድል ያልቃል፣ ልናስወግደው የመጣነውን ውህድም ራሱ ይፈጥረዋል።

4. ግማሽ ሊትር 5 ፐርሰንት በረኪና በ12 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ በዚህ ግድግዳውን፣ ክዳኑንና የመግቢያውን ተንሳፋፊ ኳስ ቀቡ። 30 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። በረኪናውን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ሌላ የተለመደ መንገድ አለ፦ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ 1 ሊትር 5 ፐርሰንት በረኪና ጨምሮ አሳድሮ መድፋት። ይሠራል፣ ግን አንድ ሙሉ ሮቶ ውሃ ያስደፋል። በፈረቃ ለሚኖር ቤት የመቀባቱን መንገድ እንመርጣለን።

ካጸዳችሁ በኋላ ክዳኑ በደንብ ይገጠም። ብርሃን የሚያስገባ ሮቶ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ያበቅላል፣ እርሱም ሲሞት ብስባሽ ይሆናል። ከላይ በእንጨትና በቆርቆሮ ጥላ ሥሩለት። ጥላው ውሃውን ቀዝቃዛ ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ውህደቱ ይዘገያል፣ ክሎሩም ቶሎ አያልቅም።

ሦስተኛ፦ ክሎሩን ለኩ፣ ከዚያ ብቻ ጨምሩ

ብዙ ቤት በልማድ በየጀሪካኑ የውሃ ማከሚያ ይጨምራል፤ ውሃው ግን ከቧንቧ ሲመጣ በቂ ክሎር ሊኖረው ይችላል። መደራረቡ ጣዕሙን ያበላሻል፣ ተረፈ ውህዱን ይጨምራል። ሌላው ቤት ደግሞ «ከቧንቧ የመጣ ነው» ብሎ ምንም አይጨምርም፤ ሮቶው ውስጥ አራት ቀን ያደረው ውሃ ክሎሩ አልቆበታል። የሁለቱም መልስ መለኪያ ነው። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ዲፒዲ ቁጥር 1 እንክብልና የቀለም ማነጻጸሪያው ይበቃል። ውሃው ላይ እንክብሉ ሲሟሟ ክሎር ካለ ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙ በጨመረ ቁጥር ክሎሩም ጨምሯል።

በምትጠጡት ውሃ ውስጥ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ከተገኘ ምንም አትጨምሩ። ከ0.2 በታች ከሆነና ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎር ጨምሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለ20 ሊትር ጀሪካን፣ 4ን ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ፐርሰንት አካፍሉ፤ የሚገኘው ሚሊሊትር ነው። በረኪናው 5 ፐርሰንት ከሆነ 0.8፣ 4 ፐርሰንት ከሆነ 1 ሚሊሊትር። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩት፤ በክዳን ግምት አይሆንም። ለ200 ሊትር በርሜል አሥር እጥፍ፣ ለ1,000 ሊትር ሮቶ ሃምሳ እጥፍ ነው፣ ማለትም በ5 ፐርሰንቱ 40 ሚሊሊትር። አናውጡትና 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። እንደ ውሃ አጋር ያሉ ለመጠጥ ውሃ የተዘጋጁ ምርቶች ካሏችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተሉ።

በረኪናው ሽቶ የሌለው ይሁን። ጥላ ውስጥ፣ ተከድኖ ይቀመጥ፣ የተመረተበት ቀን ይታይ። ፀሐይ ላይ ሲሸጥ የዋለ ወይም ወራት ያስቆጠረ በረኪና ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከዚህም በላይ ክሎሬት የሚባል ሌላ ተረፈ ውህድ በውስጡ ይጠራቀማል። የደከመውን በረኪና መጠን በእጥፍ ጨምሮ መጠቀም ክሎሬቱንም በእጥፍ መጨመር ነው። አዲስ ግዙ።

ውሃው ደፍራሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከቦቴ ወይም ከምንጭ የተቀዳ፣ በቀጥታ ክሎር አይጨመርበትም። አሳድሩት፣ የጠራውን ከላይ ቅዱ፣ አራት ያህል በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፣ ከዚያ ክሎር ጨምሩ። እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ የሚያረጋና የሚያክም ዱቄት ለዚህ ዓይነቱ ውሃ ይሻላል፤ ደለሉን ሲያወርድ የብስባሹንም ከፊል ይዞ ይወርዳልና። የሽፈራው ፍሬ ውሃ ያጠራል፣ እውነት ነው። ግን ዱቄቱ ራሱ ብስባሽ ስለሚጨምር ከእርሱ በኋላ ውሃው ብዙ ክሎር ይጠጣል፣ ሲያድርም ይሸታል። በሽፈራው የጠራ ውሃ በዚያው ቀን ይፈላና ተጠጥቶ ይለቅ።

አራተኛ፦ ማፍላት፣ በልኩ

ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ውሃው ሲንፈቀፈቅ አብዛኛው ትራይሃሎሜቴን በእንፋሎቱ ይወጣል። የጀበና ቡናና ሻይ በዚህ ረገድ ከጥሬ ውሃ ይሻላሉ። ሃሎአሴቲክ አሲድ ግን ከውሃው ጋር ይቀራል። ማፍላቱን ሩብ ሰዓት ብታስረዝሙት ውሃው እየተነነ ሲያንስ የማይተነው ነገር ይከማቻል፤ «ብዙ በፈላ ቁጥር ይጠራል» የሚለው እዚህ አይሠራም።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 እና በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ለጀርም የሚመከረው 3 ደቂቃ መንፈቅፈቅ ነው፤ ያው ጊዜ ለክሎሮፎርሙም ይበቃል። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ መስኮቱንም ከፍታችሁ አፍሉ፤ የሚወጣው ተን ለመተንፈስ የሚፈለግ አይደለምና። ካወረዳችሁት በኋላ ክደኑት፣ በዚያው ድስት ወይም በታጠበ ዕቃ ይቀዝቅዝ። የፈላ ውሃ ክሎር ስለሌለው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፣ እጅ አይግባበት።

በከሰል ለማፍላት በተዘጋ ክፍል አትሞክሩ። የከሰል ጭስ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይፈጃል፤ የክሎሮፎርም ሥጋት ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ማገዶና መብራት ለሚያስቸግርበት ቤት ሁሉንም ውሃ ማፍላት ግዴታ አይደለም፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር የሚሆነውን ብቻ አፍሉ።

አምስተኛ፦ ማጣሪያ ከገዛችሁ

ሁለቱንም ቤተሰብ የሚቀንሰው የነቃ ካርቦን፣ ማለትም የሟሟ ነገር እንዲይዝ በፋብሪካ የተዘጋጀ ከሰል፣ ነው። የሸክላ ሻማ (በማጣሪያ ዕቃ ውስጥ የሚገባው የሸክላ ማጥለያ) ብቻውን ጀርምና ደለል እንጂ የሟሟ ክሎሮፎርም አይይዝም። የወጥ ቤት ከሰል ፈጭቶ በጨርቅ ማንጠልጠልም የነቃ ካርቦንን አይተካም። ካርትሪጅ (በየጊዜው የሚቀየረውን የማጣሪያ እምብርት) ስትገዙ «ክሎር ያስወግዳል» የሚለውን ብቻ አትመኑ። ኤንኤስኤፍ (የማጣሪያ ዕቃ መፈተኛ ደረጃ) 42 የሚለው ምልክት ለጣዕምና ለሽታ ነው፤ ትራይሃሎሜቴንን ለማስወገድ የተፈተነው በኤንኤስኤፍ 53 ሥር ይጻፋል፣ ወረቀቱም ትራይሃሎሜቴንን በስሙ መጥራት አለበት።

አገጣጠሙ፦ መጀመሪያ 5 ማይክሮን የደለል ካርትሪጅ፣ ቀጥሎ የታመቀ ካርቦን፣ ከዚያ የመጠጥ ቧንቧ። ቦታው ከሮቶው በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከሮቶው በፊት ከተገጠመ ክሎሩን ገፎ ባዶ ውሃ ሮቶ ውስጥ ያሳድራል፤ በሦስተኛው ቀን ሮቶው የጀርም ቤት ነው። አዲስ ካርትሪጅ ሲገባ የመጀመሪያው 10 ወይም 20 ሊትር ጥቁር ዱቄት ይዞ ስለሚወጣ ለእጥበት ይሁን። ቧንቧውን በቀስታ ክፈቱ፤ ውሃው በሮጠ ቁጥር ካርቦኑ የመያዝ ጊዜ ያጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ካርትሪጁን ሽታ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ካርቦን ክሎርን ማስወገድ የሚችልበት ጊዜ ረጅም ነው፣ ክሎሮፎርም ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ማምለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ውሃው ምንም ሳይሸት፣ ዲፒዲውም ሮዝ ሳይሆን፣ ካርትሪጁ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ሊትር ቁጠሩ፣ የገጠማችሁበትን ቀንም በእስክሪብቶ የካርትሪጁ መያዣ ላይ ጻፉ። ለአንድ ሳምንት ሳይፈስ የቆየ ካርትሪጅ ውስጥ ባክቴሪያ ስለሚራባ ጥቂት ደቂቃ አፍሳችሁ ጠጡ። በዚህ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ክሎር የለውም፤ የዕለቱን ቅዱ እንጂ ጀሪካን አትሙሉበት።

ሎሚ መጭመቅ ወይም ቫይታሚን ሲ ክሎሩን ያጠፋል፣ የተፈጠረውን ክሎሮፎርም ግን አይነካም።

ገላ መታጠብና ሕፃናት

ክሎሮፎርም በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ሻወር ውስጥ በሙቅ ውሃ ሩብ ሰዓት የቆመ ሰው የሚወስደው መጠን ከሚጠጣው ጋር ሊመጣጠን ይችላል። መስኮት ወይም በር ገርበብ ማድረግ፣ ውሃውን ለብ ማድረግና አጭር መታጠብ ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ይረዳል። የሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ 3 ደቂቃ የፈላ ይሁን። ያለ ክሎር ያደረ ውሃ ለሕፃን አይሰጥ።

በላቦራቶሪ ማስመርመር ለሚፈልጉ

ለአፓርታማ ወይም ለትምህርት ቤት የሚሆን ትልቅ ታንከር ካላችሁ ናሙና ማስመርመር ዋጋ አለው፤ ጊዜው ክረምት ወይም መስከረም ይሁን፣ ብስባሹ ያኔ ይበዛልና። ላቦራቶሪው ትራይሃሎሜቴንን ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባለው መሣሪያ ይለካ እንደሆነ ጠይቁ። ጠርሙሱን ከእነርሱ ውሰዱ፦ ቡናማ የብርጭቆ፣ ክሎሩን የሚያስቆም ኬሚካል ያለበት። ያ ኬሚካል ከሌለ ውህደቱ በጠርሙሱ ውስጥ ስለሚቀጥል ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ኬሚካሉ እንዳይፈስ በቀስታ እስከ አፉ ሙሉት፣ ክደኑት፣ ገልብጡት። የአየር አረፋ ከታየ ክሎሮፎርሙ ወደ አረፋው ስለሚሸሽ በሌላ ጠርሙስ ድገሙት። በሃይላንድ ጠርሙስ የተወሰደ ናሙና አይረባም። በበረዶ ሳጥን አድርጋችሁ በዚያው ቀን አድርሱ። ሁለት ናሙና ውሰዱ፣ አንዱ ከቆጣሪው ስር፣ ሌላው ከሮቶው መውጫ። የሮቶው ቁጥር ከቆጣሪው በብዙ ከበለጠ ብሩሽና ስፖንጁን አንሱ፤ ሁለቱም እኩል ከፍ ካሉ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፋችሁ ውጤቱን በጽሑፍ አስገቡ፣ ናሙናው የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት ጨምራችሁ።